ውጪና እንደገና ግቢ

ሰኞ

ተጀመረ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዛሬ ጀምሮ እስከ ተርሙ መጨረሻ ሳይንስ የሚማሩት እኔ በምሠራበት ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ በፕሮጀክት። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ «ይህ ክፍል መጽሐፍ የሚተኛበት ነው ወይስ ተማሪ የሚማርበት?» ብሎ በሰው ፊት ካሳቀብኝ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ይየው። ጥያቄውን በትልቁ ጽፌ ከመዝገበ ቃላቶቹ መደርደሪያ በላይ ሰቅዬዋለሁ፦ «ቤታችን የሚደርሰው ውሃ ከየት ይነሣል? የማይደርሰውስ የት ይቀራል?» ከሥሩ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»።

የሳይንስ መምህሩ እጁን ኪሱ ከትቶ አነበበና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲሉ አልሰማሽም? እኔ አስተምሬያቸው ያልገባቸውን ራሳቸው ፈልገው ሊያገኙት ነው?» አለ። «ያልገባቸውማ አንተ ስላስተማርካቸው ነው» አልኩት። ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ነው፤ አብሮ ለመሥራት ይመቻል።

አንድ ነገር ብቻ አበላሸብኝ። ልጄ ከክፍሏ ጋር ገባች (ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ምን ላድርግ) እና ገና ከበሩ «እማዬ፣ የት ልቀመጥ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠዋት ቤት ነግሬያት ነበር፤ እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ቲቸር ነኝ፣ አንቱ ነኝ፣ እሷ ተማሪ ናት። «ውጪና እንደገና ግቢ» አልኳት። ወጣች፣ ገባች። «እማ…» ብላ አፏን ያዘች። ደግሜ አስወጣኋት። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ «ቲቸር፣ የት ልቀመጥ?» አለች። «እንደ ማንኛውም ተማሪ ባዶ ወንበር ፈልጊ» አልኳት።

ከእንግዲህ ታዳላለች የሚለኝ ካለ በምን አፉ እንደሚለኝ አያለሁ።

ረቡዕ

ቡድኖቹ በዕጣ ወጡ። ለልጄ ከ«ሚኒስትሯ» ጋር መሆን ደረሳት። ይህን ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ቦርሳዋን ራሷ ተሸክማ አታውቅም፣ ሁልጊዜ የሚሸከምላት አለ። አባቷ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ይህ ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ እንዲያው ለማስታወስ ጻፍኩት እንጂ።

የቡድን ውሉን አስፈረምኩ። በዚህ ውል እኮራለሁ። አንድ፣ ሁሉም ይሠራል። ሁለት፣ የማይሠራ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሦስት፣ ከሦስት ማስጠንቀቂያ በኋላ ቡድኑ በድምፅ ብልጫ ሊያሰናብተው ይችላል፤ እኔ እፈርማለሁ። አራት፣ በቡድኑ ውስጥ የተሠራ ሥራ የቡድኑ ነው፣ የተሰናበተ ይዞት አይሄድም። አራተኛው የራሴ ፈጠራ ነው። አለዚያ የተቆጣ ሁሉ ግማሽ ፖስተር ቀዶ ይወጣል።

መምህራን ክፍል ደጃፍ ላይ ስደርስ የአንዷ ድምፅ ተሰማኝ። «ዕጣው እንኳ ያውቃታል እኮ! ልጇን ከማን ጋር እንዳደረገላት አያችሁ?» ስገባ ሁሉም ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግን ባዳ አይደለም፣ ጆሮዬ ሁሉን ያመጣልኛል።

ቅዳሜ ማታ

ወጥ ቤቱ ወለል በሙሉ ወረቀት ነው። ልጄ የውሃ መስመሩን ካርታ እየሳለች ነው። ዛሬ ጠዋት ከአባቷ ጋር ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀምራ ቧንቧውን እየተከተለች እስከ ሰፈራችን በእግሯ መጥታለች። ውሃ የሚደርሳቸውን ቤቶች በሰማያዊ፣ የማይደርሳቸውን በቡኒ ታቀልማለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እሱ ሲያወራ ነው እንጂ እኔ አላየሁትም። ምድጃው ጋ ለመድረስ ወረቀቱን በእግሬ ተሻገርኩት፣ ወደ ታች ሳላይ።

«ነይ እስቲ እዪላት» አለኝ ባለቤቴ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፣ ባደረበት ቀን ደግሞ ዳኛ ልሁን ይላል።

«ለሌላው ተማሪ ቤቱ ድረስ ሄጄ አይቼለታለሁ?»

«የሌላው ተማሪ እናት አንቺ አይደለሽማ።»

ልጅቷ ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን፣ ከዚያ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። የተቀረጸ እርሳስ ነበር።

ማክሰኞ

በችኮላ። ዝናብ። ጂኦግራፊ መደርደሪያ ላይ ያንጠባጥባል። ባልዲ። ዳይሬክተሩ ብቅ ብሎ፣ የትምህርት ቤቱ የፕሮጀክት አስተባባሪ ለመሆን ስምሽ ቀርቧል አለኝ። ኮሚቴው ማጽደቅ አለበት። የሚኒስትሯ ቡድን ልጄን አስጠነቀቀ። ምክንያት፦ ትዘገያለች።

ዓርብ

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ምክንያት፦ ከኢንሳይክሎፒዲያ አትገልብጡ እያለች ቡድኑን ትነዘንዛለች። ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፣ አትገልብጡ ያልኩት። ግን አባባል አለው። የቲቸር ልጅ እንደዚያ ስትል ሰላይ ትመስላለች። ቤት ስትገባ ነገርኳት፤ «ትክክል መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ከሰው ጋር መኖርም ትምህርት ነው።» «እሺ» አለች። ሲመክሯት እሺ ብቻ የምትል ልጅ ታናድዳለች።

ሐሙስ ማታ

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ማክሰኞ ነበር፤ ዛሬ አሰናበቷት።

ሚኒስትሯ የቀሩትን የሦስቱንም የቡድኑ አባላት ፊርማ ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ቲቸር፣ እኛ እኮ እንወዳታለን። ግን ውል ውል ነው።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት፣ በዚያው ድምፅ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የሰማችውን አትጥልም።

ልጄን ጠራኋት። ሃምሳ ዓይን ጀርባዋ ላይ ነበር። «የምትይው አለ?»

«ካርታውን ልውሰድ?»

«ውሉን ፈርመሻል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«አራተኛውን አንቀጽ ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

አነበበችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ስል እየኮራሁባት ነው። «ገባሽ?» አልኳት። «ገብቶኛል፣ ቲቸር።» ፈረምኩ። ከዚያ የትኛው ቡድን እንደሚወስዳት ክፍሉን ጠየቅሁ። እጅ ያወጣ የለም። ትንሽ ጠበቅሁ። አንዱ ልጅ እጁን ሲያነሣ ደስ አለኝ፤ ሽንት ቤት ሊሄድ ኖሯል። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ልጄ ስታየኝ አየኋት።

ብቻዋን እንድትሠራ ወሰንኩ። ጠረጴዛ የቡድን ስለሆነ የተመለሱ መጻሕፍት የሚጫኑበት ጋሪ አጠገብ ወንበር ሰጠኋት።

ከታሪክ መጻሕፍት ጀርባ ሁለት ልጆች ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ። «ካርታውን እስክትጨርስ ጠብቀው እኮ ነው።» «ዝም በይ፣ ቲቸር ትሰማሻለች።» «ብትሰማስ? የገዛ ልጇን ያባረረች ሴትዮ ምን ግዷ!»

የልጆች ሐሜት ነው። ትዘገያለች፣ ይህ ግን እውነት ነው። አንዲት ገጽ ለመጻፍ መጽሐፉን እስከ ጀርባው ሽፋን ማንበብ አለባት። ዓለም እንደዚህ አይጠብቅም። ከእኔ ብትማረው ይሻላል ከባዳ።

ራት ላይ ባለቤቴ «ካርታሽ እንዴት ሆነ?» አላት። «ጨርሼዋለሁ» አለች። ወደ እኔ አላየችም። ሾርባውን ጨለፍኩላት። ጠጣችው።

ሰኞ

የሚኒስትሯ ቡድን ካርታውን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለ። ዳይሬክተሩ ገብቶ ፊቱ ቆመ፣ ቆመ። «ይህ ነው ፕሮጀክት ማለት! ማን ሳለው?» «ተባብረን ነው፣ ድር ቢያብር…» አለች ሚኒስትሯ። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። የሳይንስ መምህሩ እንኳ «ለራትስ ሳይበቃ አይቀርም» አለ።

እኔ ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረብ ብዬ አየሁት። ቤቶቹ በሙሉ በራቸው ገርበብ ብሏል። እያንዳንዱ። ሰማያዊውም ቡኒውም።

ልጄ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ቤት ስትስል በሩን እንደዚህ ታደርገው ነበር። ሌላ ልጅ በር ሲስል ይዘጋዋል። አንድ ቀን «በሩን ለምን አትዘጊውም?» ብላት፣ «አንቺ ከሥራ ስትመጪ እንዳታንኳኪ» አለችኝ።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። በር ገርበብ አድርጎ የሚስል ልጅ በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም። ደግሞስ ቢሆን? አራተኛው አንቀጽ ግልጽ ነው። አሁን ተነሥቼ ይህ የልጄ ነው ብል ምን ይባላል? ታዳላለች። ለልጇ ስትል የኮሚቴ ሰብሳቢውን ልጅ ሌባ አለቻት። ሌላ እናት ብትሆን ኖሮ… ሌላ እናት ግን አይደለችም፣ እኔ ነኝ።

ማንንም አልጎዳሁም። ዝም ማለት መጉዳት አይደለም።

ረቡዕ

የአስተያየት ቀን ነበር። ሁሉም ረቂቁን ያወጣል፣ የቀረው እየዞረ በተለጣፊ ወረቀት አስተያየት ይለጥፍበታል። ስም አይጻፍም። ደንቡ «ሥራውን እንጂ ሰውን አትንኩ» ነው።

ልጄ ጋሪው አጠገብ ያወጣችው ሁለት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ነው። በዚህ ሁሉ ቀን፣ ሁለት መስመር! የለጠፉባት ግን ብዙ ነው። «ባዶ።» «ብቸኛዋ ድር።» «እማዬ ትሥራልሽ።» ይህን የመጨረሻውን አንሥቼ ቀደድኩት፣ ሰውን ይነካልና። ደንብ ደንብ ነው።

እኔም እንደ ሁሉም ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ለጠፍኩ። ለእሷም። «ጥረት ይጎድለዋል። ከዚህ ተማሪ ይህ አይጠበቅም።» ለማንም የምለው ነው።

ዓርብ

ባለቤቴ ፍሪጁ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ልጅቷ አንዱን ተለጣፊ ወረቀት አምጥታ ከገበያ ዝርዝሬ አጠገብ ለጥፋዋለች። «ጥረት ይጎድለዋል።» ከጎኑ «ሳሙና፣ ሽንኩርት፣ ዘይት»።

«ይህን ማን ጻፈባት?» አለኝ።

«የክፍል ጓደኞቿ» አልኩት። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ልጅቷ ዳቦዋን እየቆረሰች ነበር። ለምን እዚያ እንደለጠፈችው ዛሬም አልገባኝም። መኝታ ቤት ቦታ ጠፍቶ ነው?

ባለቤቴ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ፣ ረጅም መስመር ነው የደረሰው፣ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለ፤ ለሻንጣው ይሁን ለእኔ አላውቅም። ተረት አለቀበት ብዬ አላገጥኩበት። አልሳቀም። ግንባሯን ስሟት ሄደ።

ሐሙስ ማታ

የኤግዚቢሽኑ ቀን። ላይብረሪው እንዲህ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ወላጆች፣ የኮሚቴ ሰዎች፣ ሰብሳቢው ራሱ ከረባት አስሮ። ካርታው ፊት ወረፋ ነበር። ሚኒስትሯ በረጅም ዱላ እያመለከተች፣ «እዚህ ጋ መስመሩ ይከፈላል፣ ቡኒዎቹ ቤቶች ግን…» ስትል አንዲት ወላጅ «በሮቹ ለምንድን ነው የተከፈቱት፣ የኔ ልጅ?» አለቻት። ሚኒስትሯ «ለ… ለአየር» አለች። ሁሉም ሳቁላት።

የልጄ ሰሌዳ ጋሪው አጠገብ ነበር። ነጭ። ምንም የለበትም። አጠገቡ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ፀጉሯን ራሷ ጎንጉናው ተንሻፏል። ደሜ ፈላ። ዳይሬክተሩ ከእንግዶቹ ጋር እየዞረ እሷ ጋ ደረሰ።

«አንቺ ደግሞ ሥራሽ የታለ?»

በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «እዚያ ነው።»

 ሰብሳቢው ዞረ፣ ሚኒስትሯ ዱላዋን ዝቅ አደረገች፣ የሳይንስ መምህሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ።

ልጄም አየችኝ። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ እንዲያ አላየችኝም። ምንም አልለመነችም፣ ቆማ ጠበቀች፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«በውሉ መሠረት በቡድን የተሠራ ሥራ የቡድኑ ነው» አልኩ። «እሷም ፈርማለች። ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ጊዜ ተሰጥቷታል፣ አልተጠቀመችበትም።» ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

«ልክ ነው፣ ቲቸር» አለች ልጄ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «እንዲህ ያለ የማያዳላ መምህር ነው የጎደለን» አለ፣ ጮክ ብሎ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። አስተባባሪነቱ እዚያው ቆመን አለቀ።

ለእንግዶቹ ሻይና ብስኩት ነበር፣ አመሸሁ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተማሪ ላይብረሪ ውስጥ አይቀመጥም፤ ደንቡ የእኔ ነው፣ ልጄም ከሁሉ ጋር ወጣች። ስወጣ ዶፍ ነው። በሩ ጋ በስብሳ ቆማለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዘበኛው በቁጣ አየኝ። «ገብተሽ ተጠለይ ብላት ብላት ቲቸርን ሳላስፈቅድ አልገባም አለችኝ። ቲቸር ማን ናት? ስላት እርስዎ ኖት!»

ቤት ስንገባ ልብሷን ለወጠች። ከወጥ ቤት «ራት ይበላሉ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ወደ ሳሎን ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

«ማንን ነው?»

«እርስዎን፣ ቲቸር።»

«ይህ እኮ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ድርቅናዋ የአባቷ ነው። ነገ ትተዋለች።

ዓርብ

አልተወችም። ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ታስላለች፣ ያተኩሳታል። «መድኃኒቱን ዋጪ» ስላት «እሺ ቲቸር፣ ያስቀምጡልኝ» አለች። ላይብረሪ ደርሼ መጣሁ። የአስተባባሪነት ደብዳቤው ደረሰኝ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። የሳይንስ መምህሩ ብቻ «ልጅሽ እንዴት ናት?» አለኝ። ሳይስቅ።

ካርታውን ላወርደው ነበር። ከዚያ ተውኩት። የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው።

ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ ነው የምጽፈው፣ እጄ ገና እርጥብ ነው።

ጠዋት ትኩሳቱ ባሰባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየቻት፣ መድኃኒት ቀየረችላት፣ እየቆየሽ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዣት፣ ውሃ ስጫት፣ ይለቃታል አለችኝ። ለባለቤቴ ደወልኩ፣ መንገድ ላይ ነው፣ አይነሣም። ሰሌዳውን ነጭ ስላደረገች ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ትንሽ ሆናለች።

ወጥ ቤት ጨርቁን ስጨምቅ ሰማኋት።

«እማዬ!»

ጨርቁን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ወለሉን ሁሉ አንጠባጠብኩት። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ «እማዬ፣ ውሃ» ትላለች። «መጣሁ፣ የኔ እናት፣ መጣሁ» አልኩ፣ ግንባሯን ያዝኩ። እሳት ነው።

ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፣ ስህተት እንደያዙበት ልጅ። «ይቅርታ» አለች። ብርድ ልብሱን ገፈፈች፣ እግሯን መሬት አደረገች። «ተኚ፣ ምን ሆነሻል?» እያልኩ ልይዛት ስል ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ። ግድግዳውን እየተደገፈች፣ እየተንገዳገደች ወደ በሩ ሄደች። ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

መሐል ክፍሉ ላይ ጨርቅ ይዤ ቀረሁ። ልሮጥ፣ በሩን ልከፍተው እችል ነበር። ምን ልታደርግ እንደሆነ ስላወቅሁ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

አንኳኳች።

«ግቢ» አልኩ። 

ገባች። እጀታውን ይዛ ቆመች፣ አንገቷን ደፍታለች።

«ቲቸር፣ ውሃ ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። ጠጥታ ጨርሳ፣ «የት ልቀመጥ?» አለችኝ።